የተቀቀለ ሩዝ ለሁለት

ሐሞት ከረጢቴን ካስወጣሁ በኋላ ያደከመኝ ቁስሉ አይደለም። ቁስሉስ ትንንሽ ነበር፤ ፕላስተሩ ሲነሳ የቁልፍ ቀዳዳ የሚያክል ጠባሳ እዚህም እዚያም ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ስፌቱን አይቼ ሐኪሙን በልቤ አመስግኜዋለሁ። ያደከመኝ ሩዝ ነው። ነጭ፣ የተቀቀለ፣ ጨው ያልጎበኘው ሩዝ። ከሩዙ ቀጥሎ ደግሞ ባሌ።

ባሌ ሊፍት ጠጋኝ ነው። በትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ሊፍት ሲቆም እሱ ይጠራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ገመድና ፍሬን ሲመረምር ይውላል። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ከተጠራጠርክ ኃይሉን አጥፋ። የሚያስቀው እኛ የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም። ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ያንን ሁሉ ደረጃ ደግፎ ያወጣኝ እሱ ነው፤ በየመሃሉ እያስቆመ «እረፊ፣ እናቴ፣ እረፊ» እያለ።

ነርሷ ስታሰናብተን በደንብ ነግራን ነበር። «መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር ትንሽ ትንሽ እያልሽ ብዪ» አለች። «ሾርባ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች። ቅባትና ጥብስ ለጊዜው ይቅርብሽ። ከዚያ አንድ አንድ ነገር እየጨመርሽ ሆድሽ የሚለውን አዳምጪ። ትንሽ ቁርጠት ቢኖር አትደንግጡ፤ ትኩሳት ከመጣ፣ ካስመለሰሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም የማይለቅ ሕመም ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ባሌ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ቤት ስንገባ ግን ደስታው ልክ አጣ። ነርሷ ያለችውን ሁሉ ደረጃው ላይ አንጠባጥቦት የመጣ ይመስል፣ ለምሳ እንቁላል በቅቤ ጠብሶ አቀረበልኝ። እኔም ርቦኝ ነበር። ደግሞስ ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው ሽርጥ ታጥቆ ሳህን ይዞ ሲመጣ እንዴት እምቢ ይባላል? ጥርግ አድርጌ በላሁት። ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ተገለባበጠ፤ ከሰዓቱን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተጣጥፌ ዋልኩ። እሱ ሆስፒታል ደወለ፤ ነርሷ «ቅባቱ ነው፣ ይለቃታል፤ ካልለቀቃት አምጣት» አለችው። ሲመሻሽ ለቀቀኝ። እሱን ግን አልለቀቀውም። ወጥ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲያለቅስ አየሁት። ሐሞት ያወጡት ከእኔ፣ ሐሞቱ የፈሰሰው የእሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኃይሉን አጠፋ።

ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ አንድ አንድ ክልከላ ይዘው ይመጣሉ። ታላቅ እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ከእንግዲህ ሐሞት የለሽም፤ ስትቆጪስ ማን ይፈራሻል?» ብላ ስትስቅ ቆየችና፣ ልትወጣ ስትል እንቁላልና ወተት በዞሩበት እንዳልዞር አዘዘች። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ዶሮ ቁስል ያሳክካል አለች። ታክሲ ነጂው ወንድሜ ዳቦ ከለከለኝ፤ እርሾው ሆድ ውስጥ ይነሳል አሉ።

«ይሄን ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«አንድ ተሳፋሪ ነግሮኝ።»

«ሐኪም ነው?»

«ሐኪም ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። ግን ቦርሳ ይዟል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባሌ በዚህ ነገር ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። አሁን ግን እንደ ትእዛዝ ተቀበለው። ሙዝ ይከብዳል የሚል መጣ፣ ሙዝ ከቤት ወጣ። ካሮት ነፋኝ ያለች መጣች፣ ካሮት ወጣ። ነርሷ አንድ አንድ እየጨመርሽ ነበር ያለችው፤ እኛ መጨመሩን ትተን መቀነሱን ያዝን። በመጨረሻ የቀረን ሩዝና ውሃ ሆነ፤ አንዳንዴ ለለውጥ ያህል ውሃው የበዛበት ሩዝ።

ለምን ዝም አልሽ ይለኝ ይሆናል ሰው። ደክሞኝ ነበራ። ስለ ምግብ ለመጨቃጨቅም ምግብ ያስፈልጋል። ደግሞ ያንን ወደ ግድግዳ የዞረ ፊት እንደገና ማየት አልፈለግኩም። ሳህኑን አቅርቦልኝ ስጎርስ ዓይኑን ከፊቴ አይነቅልም፣ የሚፈነዳ ነገር እየጠበቀ። «ምንም አይሰማሽም?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። እውነቴን ነበር፤ ረሃብ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ከአልጋ ስነሳ ቤቱ ይዞርብኛል፤ ለመርፌ ክር ማስገባት እንኳ አቅቶኝ የሰው ልብስ ማሽኑ ላይ ተከምሮ ከረመ።

እሱም የእኔኑ ነው የሚበላው። «ለአንድ ሰው ማብሰል አይመችም» ይለኛል። ቀን ግን «ሥራ ቦታ ደህና ምሳ እበላለሁ» ስለሚለኝ ተጽናንቼ ነበር። ሱሪው ወገቡ ላይ እየተጨማደደ መሄዱን አይቼ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ጨርቁ ለቆ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው ሲደክመው ዓይኑም ይሰንፋል።

አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ባሌን የሥራ ባልደረባው ደግፎት ቆሟል። ይሄን ልጅ ሁሉም «ረጅሙ» ነው የሚለው፤ የትኛውም በር ላይ ጎንበስ ሳይል አይገባም። የባሌ ከንፈር አመድ መስሏል።

«እትዬ አይደንግጡ፣ ደህና ነው» አለኝ ረጅሙ፣ ወንበር ላይ እያስቀመጠው። «የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆመን ስንሠራ ዓይኑ ጨለመበትና ወደ ጉድጓዱ ዘመመ። የደኅንነት ቀበቶው ያዘው እንጂ...»

«አታጋንን አንተ» አለ ባሌ። «ትንሽ አዞረኝ።»

«ትንሽ? በቀደምም ደረጃ ላይ ተቀምጠህ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሁልጊዜ ነጭ ሩዝ ብቻ ነው። ስለት ያለበት መስሎን ዝም አልን። አለቃችን እስኪሻለው እንዳይመጣ ብሏል። ይሄ ነገር ከተደገመ ሥራው ያበቃል፤ ሥራው ብቻ ቢያበቃ ደግሞ ደግ ነው።»

ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ እዚያው ተደግፌ ቆምኩ። ያንን ጨለማ ጉድጓድ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ታቹ አይታይም።

«ቀን ምን እያልከኝ ነበር የምትሄደው?» አልኩት። «እበላለሁ አላልክም?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ያዘ።

«አንተን እኮ ነው!»

«አንቺ እዚህ ሩዝ እያላመጥሽ እኔ እዚያ ሥጋ ልቆርጥ? እንዴት ብሎ ይወርድልኛል?» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ወለሉን እያየ፣ «ያን ቀን በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር» አለኝ።

አዘንኩለት፤ ግን ንዴቴ ቀደመ። እህቴ እዚያ ብትኖር ሐሞት ያለበትን ቦታ ታይ ነበር።

«ቅቤው ነው ያሳመመኝ፤ አንተ አይደለህም!» ጮህኩበት። «አሁን ግን ሁለታችንንም በሩዝ ልትጨርሰን ነው። ርቦኛል፤ ትሰማኛለህ? ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ርቦኛል! አንተ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብትቀር፣ እኔ ለማን ብዬ ነው የዳንኩት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ርቦኛል የሚለውን ቃል ከአፌ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ስልኩን አነሳሁና እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለነርሷ ደወልኩላት። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ሌላስ?» አለች። ሌላ የለም አልኳት። እስኪ ቆዪ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምን በወጣሽ! ዶሮ ቆዳውን አውልቀሽ፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የበሰለ አትክልት፣ ጠብ የምትል ዘይትም ቢሆን ችግር የለውም። በአንዴ አታብዢው እንጂ ብዪ። ሰውነት ያለ ምግብ በምን ይጠገናል?» ጥገና የሚለውን ነገር ባሌ ቢያንስ ያውቀዋል፤ አንገቱን ደፋ።

ሁለታችንም ደረጃውን ለመውረድ አቅም ስላልነበረን ጎረቤታችንን ጠርቼ ዶሮ፣ ድንችና ካሮት እንድትገዛልን ለመንኳት። ዶሮ ያሳክካል ያለችው እሷው ናት። «እኔ እጄን ታጥቤያለሁ» እያለች፣ እያጉረመረመች አመጣችልን። ወንበር ስቤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩና የዶሮውን ቆዳ ገፍፌ፣ ስቡን አንድ በአንድ በመቀስ ለቅሜ፣ ከድንችና ከካሮት ጋር ቀቀልኩት። መቀስ ከያዝኩ ሰንብቼ ስለነበር እጄ ደስ አለው። ጨውም አደረግሁበት። እንፋሎቱ ሲሸተኝ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

ሁለት ሳህን አቀረብኩ። እሱ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔን ይጠብቃል። እኔ ካልበላሁ እንደማይበላ ገባኝ፤ ስለዚህ ጎረስኩ። ዶሮው ምላሴ ላይ ሲያርፍ እንባዬ መጣ፤ በምግብ ማልቀስ ያሳፍራል፣ ግን መጣ። ቀስ እያልኩ እያላመጥኩ ሳህኔን ወደ ማጋመሱ ደረስኩ። ያን ጊዜ የጎድን አጥንቴ ሥር ቆረጠኝ።

እንደ ልማዴ ፊቴን ላስተካክል አሰብኩ። ከዚያ ያቺ «ምንም» የምትለዋ ቃሌ ሰለቸችኝ።

«ትንሽ ቆረጠኝ» አልኩት።

ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ሳህኔን ያዘ። እኔም በሌላ በኩል ያዝኩት። አንድ ሳህን ግራና ቀኝ ይዘን ተፋጠጥን።

«ልቀቀው» አልኩት። «ነርሷ አትደንግጡ ብላለች። የማይለቅ ከሆነ ራሴ ውሰደኝ እልሃለሁ፤ አልደብቅህም። አሁን ተቀመጥና ብላ።»

ጣቶቹ ቀስ እያሉ ከሳህኑ ላይ ተነሱ። ተቀመጠ። ማንኪያውን አንስቶ ከድንቹ ቆረሰ፤ ወደ አፉ እስኪያደርሰው ግማሹ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ጎረሰ። አላመጠ። ዓይኑ ግን ከፊቴ አልተነቀለም።

«ለቀቀሽ?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ያን ወደ ግድግዳ የዞረውን ፊት ጠበቅኩ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰና፣ ጎንበስ ብሎ ከዶሮው ቆርሶ ጎረሰ።