ብርሃን የሚወጣው ሲመለሱ ነው

ማሬ የፊዚክስ መምህር ሆና ደምበጫ ስትመደብ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ የሚሰጠው በፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ሲያልቅ አንዳች ነገር የቀረለት ልጅ የለም። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምር ስለነበር አውቃለሁ።

አንድ ሰኞ ማሬ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ልጆቹን ሜዳ አወጣቻቸው። በኖራ ሦስት ክብ አሰመረች፤ አንዱን በአንዱ ውስጥ። መሐል ላይ ከበሮ መቺ አቆመች።

«እናንተ ኤሌክትሮን ናችሁ» አለች። «እስክስታ እየመታችሁ ክባችሁን ዙሩ። ሲጨበጨብላችሁ ጉልበት አገኛችሁ ማለት ነው፤ ወደ ውጪው ክብ ትዘላላችሁ። በሁለት ክብ መሐል መቆም የለም።»

«ስንመለስስ?» አለች ወለተ ሐዋርያት። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ስትመለሺ ያገኘሽውን ጉልበት ትሰጫለሽ። እሱ ነው ብርሃኑ።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። ቢጫ ሻሿን ፈታች፤ ወደ ውስጥ ስትዘል ወደ ላይ ወረወረችው።

«እንዲህ ነው ቲቸር?»

ማሬ ተደንቃ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ልጅ ሻሽ ወይም መሐረብ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ፈተናም አለፉ።

ባዘዘው የሚባል የወረዳው ሱፐርቫይዘር ይህን ሰምቶ መጣና ግምገማ ጠራ።

«ፊዚክስ ነው ወይስ ሠርግ ቤት? የመንግሥት ፕላዝማ አጥፍቶ ማስጨፈር ምን ይባላል?»

«ልጆቹን ይጠይቋቸው» አለች ማሬ።

«የምንገመግመው ልጆችን አይደለም።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጎረቤት ነህ። ይረብሻል አይረብሽም?»

«ከበሮው ይሰማል» አልኩ። እውነት ነው፣ ይሰማል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የደረጃ እድገቴ ፊርማ የሚጠብቀው እሱ ዘንድ ነበር።

ማሬ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ የመንፈቁ እረፍት ሳያልቅ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ወዳለ ገጠር አዛወሯት።

ግንቦት ላይ ደብረ ማርቆስ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ተደረገ። አዳራሹ በር ላይ «ምርጥ ተሞክሮ፦ ፊዚክስ በውዝዋዜ፤ አዘጋጅ ባዘዘው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሚወዛወዙት ከከተማው ኪነት ቡድን የተመረጡ ልጆች ናቸው። ወለተ ሐዋርያትን «ለመድረክ አትሆንም» ብለው ስለቀነሷት፣ እንድታይ ብቻ ይዣት ሄድኩ።

ልጆቹ ያምሩ ነበር። ግን በክቦቹ መሐል እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ ሻሹንም ወደ ውጪ ሲዘሉ ይወረውሩታል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ባዘዘው የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ወለተ ሐዋርያት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ተሳስተዋል! ብርሃን የሚወጣው ሲመለሱ ነው!»

ሰዎች ዞሩ። ቀሚሷን ጎትቼ አስቀመጥኳት። «ዝም በይ» አልኳት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከእኔ ርቃ ኋላ ተቀመጠች። በተከታዩ ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች።

ማሬ ማስተማር ትታ ክሊራንስ ልትወስድ ስትመጣ ስለ ውድድሩና ልጅቷ ተነሥታ ስላለችው ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጅቷ ነው።

«ልጅቷ አወቀችው ማለት ነው?» አለች ፊቷ በርቶ።

«አወቀችው።»

«አንተስ ያን ጊዜ ምን አልካት?»

«ወረቀትሽን ስጪኝ፣ እኔ ላስፈርምልሽ» አልኳትና ተነሣሁ።