የተለሰነችው ፔጆ

ሮቢት ላይ በግንቦት ወር ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ከጎሚስታ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው የስልክ እንጨት ምስክሬ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ጥሎት ይጠፋና ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ምንም እንዳልሠራ ተመልሶ ይመጣል።

ጋሼ አብዱልመጂድ ሰማያዊ ፔጆ ከደሴ ገዝተው የመጡት በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዚያው በግንቦት ነው። የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ መኪና ያማራቸው ግን ለራሳቸው አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው ራህመት ማጀቴ ከተማ የተዳረች ጊዜ የተከራዩት መኪና ቀረባቸውና ልጅቱን አይሱዙ ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ መሀል አስቀምጠው ላኳት። ማጀቴ ከሙሽራዋ በፊት ሽታዋ ገባ። ይኸው ሦስት ልጅ ወልዳም ባገሩ ስሟ "ሽንኩርቷ" ነው። አሁን ደግሞ ታናሿ ፈይዛ ለዚያው ለማጀቴ ታጭታለች፤ ኒካው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ አብዱልመጂድም "ይቺኛዋ ወላሂ በአባቷ መኪና፣ እንደ ሰው ተቀምጣ ትሄዳለች" ብለው በሰው ፊት ማሉ።

ችግሩ መስከረም ሩቅ ነው። ፀሐይዋ በሳምንቱ የመኪናዋን ዳሽቦርድ እንደ ደረቀ ኩሬ ሰነጣጠቀችው። ብርድ ልብስ አለበሷት፤ ፍየል ጫፉን በላው። ማንጎ ዛፍ ሥር አቆሟት፤ ማንጎው ሙጫውን፣ ወፎቹ የራሳቸውን ጣሉባት። ኋላማ እንዳታልቅባቸው ብለው መንዳቱንም ተዉት።

አንድ ቀን ቤቴ መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ጁነይድ፣ መቼም መኪና ታውቃለህ። ይቺን ነገር እስከ መስከረም እንዴት ላቆያት?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ይኼ አይጠፋኝም። ግን መልሱ አጭር ነው፤ አጭር ነገር ደግሞ ያንቀኛል።

"ጋሼ፣ የአሊዩ አምባዋን መኪና አልሰሙም እንዴ?"

"የምን መኪና?"

"ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ መኪና ናት። ጎርፍ መጥቶ ጭቃ አለበሳት፣ ጭቃው ላይዋ ላይ ደረቀ። አርባ ዓመት! አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ቀጭ አለበት፤ ቆፍሮ አወጣት። ጭቃውን ቢያራግፍላት ቀለሟ መስታወት! አንዲት ዶሮ በሩ ላይ ፊቷን አይታ፣ ባላንጣ መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትደባደብ ዋለች። በሰው ገላጋይ ነው የተለያዩት።"

"ከራሷ ጋር?"

"ከራሷ ጋር።"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ትንሽ አሰቡና "እውነትህን ነው፤ ጎተራስ ማሽላውን የሚያቆይልን ተለስኖ አይደል?" ብለው ብድግ አሉ።

በሦስተኛው ቀን በደጃቸው ሳልፍ ፔጆዋ የለችም። በቦታዋ አራት ጎማ ያለው ጎተራ ቆሟል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ተቦክቶ፣ በእጅ መዳፍ ተስተካክሎ ተለስኗል። እውነቴን ነው፣ ሮቢት ውስጥ እንደዚያ ያማረ ልስን ያለው ቤት አልነበረም።

"መስኮቱም ተለሰነ?" አልኳቸው።

"ፀሐይ የሚገባ በየት ሆነና?"

ያኔ ዋሸሁ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ሰውየው ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እንዲህ ደስ ብሏቸው ሳያቸው ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና "ከጀርባዋ በኩል ትንሽ ሳስቷል" ብዬ አለፍኩ። እዚያ ላይ ጨመሩበት።

ሐምሌ ገባ። የቆላ ዝናብ ሲመጣ አያንጠባጥብም፤ ባልዲ ነው የሚደፋ። ጭቃው ዝናቡን ጠጣ። ቀን ፀሐይ ታፈላዋለች፣ ማታ ደግሞ ይዘንብበታል። ጭዱ ውስጥ የቀረ ፍሬ ነበርና በሁለተኛው ሳምንት ፔጆዋ አረንጓዴ ጺም አወጣች። በነሐሴ አጋማሽ ጣሪያዋ ላይ ያለው ጤፍ እስከ ክንድ ደረሰ። ከሞተሩ ክዳን ላይ ማሾ በቀለ፤ ማሾውን ማን እንደዘራው እስካሁን አላውቅም። ጋሼ አብዱልመጂድ ጠዋት ጠዋት ፍየል ያባርራሉ።

ይሁኔ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የልማት ሠራተኛ ወሬውን ሰማና ሜትር ይዞ መጣ። ጣሪያውን ለካ፣ በደብተሩ ጻፈ፣ አንገቱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ በካሬ ሜትር ሲሰላ ከቀበሌው አንደኛ ነዎት። ጎብኚ እስኪመጣ እንዳይነኩት።"

"መኪናዬ ናት እኮ፣ አንተ ልጅ።"

"ነበረች። አሁን ማሳ ናት።"

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ፈይዛ ጎሚስታ ቤቴ መጣች። በሩን ይዛ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

"ጁነይድ፣ ያቺን ዶሮ አይተሃታል?"

"የቷን?"

"ከራሷ ጋር የተደባደበችውን።"

"እኔ እንኳን አላየኋትም። አያቴ ናቸው…"

"አያትህ ከሮቢት ወጥተው አያውቁም።" ድምጿን አላነሳችም። "እህቴ ሽንኩርቷ ናት። እኔን ማን ሊሉኝ ነው? ነገ ጠዋት መጥተህ ትፍቀዋለህ።"

በማግስቱ ባልዲና አካፋ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አብዱልመጂድ ከጎን ቆመው ዶሮ የሚያደባድብ ቀለም ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው የጭቃ ቅርፊት ከበሩ ላይ ወረደ፤ ቀለሙ አብሮት ወረደ። ከስሩ ያለው ቆርቆሮ በርበሬ መስሏል። ጣቴን ጫን ባደርግበት ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት ወር ሙሉ እርጥብ ለብሳ ምን ልትሆን ኖሯል?

ጋሼ አብዱልመጂድ ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ያቺ የጣሊያኗ ስንት ዓመት ነበር ያልከኝ?"

"አርባ።"

"የእኛ ገና ሦስት ወሯ ነው። ቸኩለን ገልጠናት ይሆን እንዴ?"

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ ያቺ መኪና የለችም። ገበሬውም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

ፍየሏ በዚህ መሀል ማሾውን ትበላለች፤ አላባረሯትም።

"ዶሮዋም?" አሉ በመጨረሻ።

"ዶሮዋም።"

ያዘኑት በዶሮዋ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ኒካው ድረስ አላናገሩኝም። እኔም ጎሚስታ ቤቱን ዘግቼ እሳቸው ጋ ዋልኩ። ጎኗን ፈግፍጌ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አወጣሁ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ ያገኘሁትን ሰማያዊ ቀለም ቀባሁ። አይጥ የበላውን ሽቦ ቀጣጠልኩ። ጣሪያው ላይ ስደርስ ግን ፈይዛ እጄን ያዘችኝ።

"እሱን ተወው።"

"እንዴት?"

"ስሩ ነው ቆርቆሮውን የያዘው። ከነቀልከው ሰማይ እያየሁ ነው የምሄደው።"

እውነቷን ነበር። ጤፉ አሽቷል፤ ስሩ በየቀዳዳው ወርዶ ከውስጥ በኩል እንደ ጥልፍ ይታያል። ተውነው።

የኒካው ዕለት ፔጆዋን ሃያ ሰው ገፍቶ አስነሳት። ነጂው እኔ፣ ከጎኔ ጋሼ አብዱልመጂድ፣ ከኋላ ፈይዛ። ይሁኔ እስከ ከተማው ጫፍ በሩጫ ሸኘን፤ የወረዳችን ምርት ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄድ ነው ብሎ ከልቡ ከፍቶት ነበር። ውጪው ይፋጃል፣ ከጤፉ ሥር ግን ቀዝቃዛ ነው። ጋሼ አብዱልመጂድ ግማሽ መንገድ ላይ "ጥላው ግን ደግ ነው" አሉኝ። መታረቃችን መሆኑ ነው።

ማጀቴ ደረስን። ሰው ግር ብሎ ወጣና እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። የሙሽራው አክስት፣ እትዬ መሪያም የሚባሉ፣ ጠጋ ብለው ጣሪያውን አዩ። ራህመትን ሽንኩርቷ ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ፈይዛ ቀደመችኝ፤ ፊቷን እንደተሸፈነች፣ ረጋ ብላ።

"በእኛ ዘንድ፣ እትዬ፣ አባት የሚወዳት ልጅ ከነማሳዋ ነው የምትዳረው። ክረምቱን ሙሉ ከፍየል ሲጠብቁልኝ ነው የከረሙት። እዚህ እንደዚያ አይደለም እንዴ?"

እትዬ መሪያም ወደ ሰዉ ዞር አሉ። እንደዚያ አይደለም የሚል ጠፋ። "ኧረ እንደዚያው ነው!" አሉና እልልታውን ከተቆረጠበት ቀጠሉት። ያን ቀን ስሟ "ባለማሳዋ" ሆነ፤ ዛሬም እሱ ነው። ጋሼ አብዱልመጂድ ከመኪናው ሲወርዱ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ አንድ ላንድሮቨር ያላቸው የማጀቴ ሽማግሌ ገለል አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ጭዱ ከጭቃው እኩል ነው ወይስ ያንሳል?"

እሷ ብትመልስልኝ ብዬ ፈይዛን በዓይኔ ፈለግኳት፤ ሩቅ ናት። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው።

"አባባ፣ መኪና ጭቃ አይወድም። ነፋስ የሚያገኘው ዳስ ሥር ያቁሟት፣ ጭቃ ሲነካት በውሃ ይጠቡላት፣ ክረምት ሲመጣ ሆዷን የተቃጠለ ዘይት ይቀቡላት፣ በሳምንት አንዴም ይንዷት። ሌላ የለውም።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

"ውሸታም እንደሆንክ ነግረውኝ ነበር" አሉና ጭድ ፍለጋ ሄዱ።