ለእኔ ያልተፏጨው ፉጨት

ደጋፊዎቻችን «ጨዋው» ይሉኛል። ሽልማት ይመስላል። በዚህ የቅርጫት ኳስ ክለብ ስጫወት ከዳኛ ጋር አፍ ተካፍቼ አላውቅም፤ የወደቀ አነሣለሁ፣ ለሕፃናት እፈርማለሁ። ሜዳ ስገባ ያጨበጭቡልኝና ወዲያው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ።

እሾህ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። የተጋጣሚያችን አምበል ነው፤ ስሙን ያወጡለት የእኛው ደጋፊዎች ናቸው። ክርኑ ከኳሱ ይቀድማል፤ ሲያገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሕዝቡን ዝም በሉ ይላል። እሱ የሚመጣ ቀን ትኬት አይገኝም። ነጻ ውርወራ ሊወረውር ሲቆም አዳራሹ በተቃውሞ ፉጨት ይናጋል። የክለባችን ሱቅ እንኳ ፊቱ በቀይ የተሰረዘበት ካናቴራ ይቸበችባል፤ የእኔ ማሊያ ቅናሽ ተለጥፎበት በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሾህ የሚመጣ ዕለት ሱቋን ቀድማ ዘግታ ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ትሰየማለች። በማግስቱ ድምጿ ተዘግቶ ደንበኞቿን በምልክት ታነጋግራለች። ለእኔ ጮኻ ድምጿ ተዘግቶ አያውቅም። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

የባሰው ደግሞ ሰውዬው ክፉ አለመሆኑ ነው። መልበሻ ክፍል መግቢያ ላይ ሲያገኘኝ «ወንድምዓለም፣ ጉልበትህ ተሻለህ?» ይለኛል። ክፋቱን ከማሊያው ጋር ለብሶ ከማሊያው ጋር ያወልቀዋል። እውነተኛው ክፉ እኔ ነኝ፤ ግን ማን ይወቅልኝ?

ባለፈው ጨዋታ ቆረጥኩ። አንዴ ይፏጭብኝ እንጂ የመጣው ይምጣ አልኩ። እሾህ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል ኳሱን ዞር ብዬ ሳላይ በሁለት እጄ ገፋሁት። ወለሉ ላይ ተዘረረ። እኔም ቆሜ ፉጨቴን ጠበቅሁ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ ያጋጥማል» አሉኝ። ዳኛው ሊያባርረኝ ሲመጣ እሾህ ከተጋደመበት ቀና ብሎ «ይተዉት፣ ሳያስበው ነው። እሱን አያውቁትም እንዴ?» አለ። ዳኛው ተራ ጥፋት ብሎ አለፈኝ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ለእሾህ። ፉጨቱን ሊያካፍለኝ ቀርቶ ጭብጨባዬንም ወሰደው።

ጨዋታው ሲያልቅ እህቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አውቄ ነው የገፋሁት» አልኳት።

«ሂድ ወዲያ» አለች፣ በተዘጋ ድምጿ።

«እውነቴን ነው። ልጥለው ፈልጌ ነው።»

ፊቴን ትንሽ አየችና ሳቀች። «አንተ? ዝንብ እሽ የማትለው? አንተን የማላውቅህ ይመስል።» ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መኪና ማቆሚያው አመራች። «እሾህ ለካ እንዴት ያለ ሰው ኖሯል! ና፣ አውቶቡሳቸው ሳይነሣ አስተዋውቀኝ።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወሰድኳት።