የት ደረሰች?

መምህር ቶኩማ አምቦ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ርቀት ሲለካ ተሳሳተ ብሎ የሚያማው የለም። እኅቱ ሃዋኒ ከቻይና የላከችለት መልእክት ግን አጭር ነበር፦ «ነገ አንድ ሰዓት ቦሌ እደርሳለሁ። እናታችንን አደራ።»

እናታቸው ወይዘሮ ወርቂቱ በጉበት ሕመም አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ የቀራቸው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው ብሏል። እሳቸው ደግሞ ልጄን ሳላይ አልሄድም ብለዋል።

«በጠዋት ነው የምትደርሰው፤ መኪናውን በሌሊት ላክ» አሉት።

«አዮ፣ እሷ የጻፈችው ከትኬቱ ላይ አይታ ነው። ትኬት ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። የፈረንጅ አንድ የእኛ ቀን ሰባት ማለት ነው።»

«ልጄ አንድ ሰዓት ካለች አንድ ሰዓት ነው።»

«አራት ዓመት ውጭ የኖረ ሰው በእኛ ሰዓት አይቆጥርም!»

ደውሎ እንዳይጠይቃት ኔትወርክ ጠፍቷል፤ በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የእናቱን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። የተማረ ሰው ግትርነት መድኃኒት የለውም። የአጎታቸው ልጅ ጂራ መኪናውን አስነሥቶ የወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ በጊንጪና በአዲስ ዓለም አድርጎ ቦሌ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ሃዋኒንማ ቶኩማ ኔትወርኩ ሳይጠፋ በፊት፣ «መንገዱ ደህና አይደለም፤ ሰው እስኪመጣልሽ ከቦሌ እንዳትነቃነቂ» ብሏታል።

አራት ሰዓት ላይ ወርቂቱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኤሳ ጌሴ? የት ደረሰች?»

ቶኩማ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አንድ ሰዓት በረራ። «ዓረብ ባሕር ላይ ናት፣ አዮ።»

አምስት ሰዓት ላይ ደግመው ጠየቁት።

«የመን ላይ ናት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለችም። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች፣ እግሯን በቢጫ ሻርፕ ጠቅልላለች። በርዷታል። ለምን አታመጧትም?»

ትኩሳቱ ነው የሚያስቃዣት ብሎ ግንባራቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠረገላቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ድምፃቸው ሊጠፋ ደርሶ እንደገና ጠየቁ። «ጂቡቲን አለፈች፤ አንድ ሰዓት ቀራት» አላቸው። ወርቂቱ ልጃቸውን በሐዘኔታ አዩት፤ ዓይናቸውም እሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም የጂራ መኪና ደጅ ቆመች። ሃዋኒ ለቅሶውን ስትሰማ በባዶ እግሯ ዘላ ወረደች። ቶኩማ ግን ፊቷን አላየም። ያየው በእጇ የጨበጠችውን ቢጫ ሻርፕ ነው።

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነው ያገኘኋት» አለ ጂራ።

ከቀብር መልስ ሃዋኒ ወንድሟን ለብቻው አገኘችው።

«አዮ ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?»

«በየሰዓቱ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ቶኩማ እስከ ዛሬ በአምቦ ሰማይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጠመኔውን እንደያዘ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ደርቆ ይቀራል፤ ተማሪዎቹም ለምደውት ይጠብቁታል። ከጀርባው የእናቱ ድምፅ ይመጣል። የት ደረሰች?

«ደርሳለች፣ አዮ» ይላል በሹክሹክታ። «ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ ለምን አታመጧትም?» ይለዋል ድምፁ።