የደኅናው ስም

…ምን ብላ ትጻፍ፣ ሰውየው ደኅና ነው ብላ፣ አሁን፣ መስታወቱ እየረገፈ፣ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ እየዘነበ፣ ዙለይሃ ስልኳን ጨብጣ ፋርማሲው በረንዳ ላይ ቆማለች፣ ማዶ የአብዱልጀባርን ቢሮ እያፈረሱት ነው፣ ወደ ዐረብ አገር ሠራተኛ ከሚልኩት ሁሉ እጁ ያልቆሸሸውን፣ እሷ ታውቃለች፣ ያ ረቢ፣ ታውቃለች።

ጠዋት ለሠራተኛነት የሄደችው የሳጂዳ ሬሳ ከጅዳ ገባ። የላካት ሌላ ደላላ ነው፣ እሱማ ስልኩን ዘግቶ እብስ ብሏል፣ የሐይቅ ከተማ ሰው ግን ሲቆጣ አድራሻ አይጠይቅም፣ የቀረበውን ነው የሚመታ።

ገጹን የከፈተችው ዙለይሃ ናት፣ «ተጠንቀቂ እህቴ»፣ የሌባ ደላላን ስም በቴሌግራም የምትዘረግፍበት፣ ከሪያድ ስትመለስ በንዴት የከፈተችው፣ ዘይቱ፣ እመቤቷ የፈላውን ዘይት አንገቷ ላይ ስትደፋው፣ ቆዳዋ ሲላጥ፣ ጮኸች፣ ማን ሰማ፣ አብዱልጀባር፣ የላካት እንኳ እሱ አልነበረም፣ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ ወሬዋን ሰምቶ፣ ፖሊስ ይዞ በሩን አስከፍቶ፣ ተሸክሞ አወጣት። እየሩስ፣ ገጹን አብራት የምትይዘው፣ ነግራታለች፣ አንቺ የእባቡን ጉድጓድ ብቻ እያሳየሽ ሰው በየት ይለፍ፣ ደኅናውንም ጻፊ እንጂ። አልጽፍም አለች። ደኅና መሆን ግዴታው ነው፣ ስላልሰረቀ ሊመረቅ ነው እንዴ፣ ደግሞ ነገ ቢበላሽስ፣ ያመሰገንኩት ሰው አንዷን ቢያስገድል ደሟ በማን ነው።

የቢሮው በር ተገነጠለ። አብዱልጀባርን በእግሩ ጎትተው አወጡት፣ ግንባሩ ተተርትሯል፣ ደሙ ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ አንዱ በፌሮ ጎኑን ይለዋል፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ አጥንቱ ሲሰበር ማዶ ድረስ ይሰማል። ኧረ በግሸኗ ማርያም፣ ሰው ገደላችሁ! ሽንኩርት ሻጯ እማማ ተሾመች ናቸው፣ ማን ይስማቸው።

ዙለይሃ ጻፈች። ይህ ሰው ንጹሕ ነው፣ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው። መልሱ ወዲያው መጣ፣ ስንት አጎረሰሽ። ሌላው፣ በሉት በሉት። የገዛ ተከታዮቿ፣ እሷ ያስተማረቻቸው፣ ከደላላ በጎ አይገኝም ብላ።

ስልኩን ጣለችው፣ አስፋልቱን ተሻገረች፣ ባጃጁ ለጥቂት ሳታት፣ በሰው እግር መሀል ሾልካ ደረቱ ላይ ተደፋች፣ ፌሮው ትከሻዋን አገኘው፣ እሳት፣ ያ ዘይት እንደገና፣ ወላሂ ደኅና ሰው ነው፣ ትጮሃለች፣ በአላህ፣ ተዉት፣ ከእነሱ አይደለም!

ተነሽ፣ ይላታል አንዱ። ቀና ትላለች፣ ማህዲ ነው፣ የሳጂዳ ወንድም፣ ዐይኑ በለቅሶ አብጧል፣ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ይዟል።

ደኅና ነው ማህዲ፣ እመነኝ።

ዛሬ ነው የምትነግሪኝ፣ ይላል፣ ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ ከጩኸቱ ሁሉ እሱ ያስፈራል፣ ሳጂዳ ጠይቃሽ ነበር እኮ፣ ገጽሽ ላይ ጽፋ፣ ዙልዬ ደኅናው የቱ ነው ብላ። ሁሉም አንድ ናቸው አልሻት። አንድ ከሆኑማ ብላ መጀመሪያ ካገኘችው ጋር ሄደች።

የሳጂዳን ጥያቄ አታስታውሰውም። መልሱ ግን የራሷ ነው፣ ለጠየቀቻት ሁሉ የምትመልሰው እሱኑ ነው፣ ቃሉ ሳይቀር። ከሥሯ አብዱልጀባር ያቃስታል፣ አልሞተም፣ አልሞተም፣ እጇን አንገቱ ላይ ታጠብቃለች።

እንግዲያስ እኔን ምታ፣ ትለዋለች፣ እሱ ምንም አላደረገም፣ ማህዲ፣ እኔን ምታኝ።