የቀረ ሠርግ ድስት

ትከሻዬን በላው ይሄ ድስት፣ ጥላሸቱ ጋቢዬን አበላሸው፣ ያበላሽ፣ እስከ ራዚያ ቤት ቁልቁለት ነው፣ ሐይቁ ከታች ያበራል፣ ልጄ ዙለይሃ ልሸከምልህ አባ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት፣ የተዋስኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ።

እመልሰዋለሁ ወይ። ገና አልደረስኩም። ወደ ቤት መዞር እችላለሁ።

ለልጄ ለሙንተሲር ሠርግ ነበር፣ ዳሱ ተተክሎ፣ በሬው ታስሮ፣ በመጨረሻ ድስቱን ከጎረቤታችን ከራዚያ ተሸክሜ ስገባ በውጫሌ በኩል መድፍ አጓራ፣ ጎረምሳው ሁሉ ወጣ፣ እሱም ወጣ፣ መጣሁ አባ፣ አለኝ፣ መጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ። ሙሽሪት ጠብቃ ጠብቃ ጂዳ ገባች። ዳሱን ንፋስ አፈረሰው፣ ድስቱ ጓዳ ቀረ፣ ሠርግ ባለፈ ማግስት ዕቃ በየቤቱ ይመለሳል፣ ያገር ደንብ ነው፣ ሠርጉ ከመሀል ሲቀርስ፣ ማን ይመልሳል፣ መቼ፣ ራዚያ አልጠየቀች፣ እኔ አልመለስኩ፣ ድስቱን ከሰጠሁ ሠርግ የለም ማለት ነው፣ ሠርግ ከሌለ ልጁ

አልጨርሰውም። ያረቢ።

ዙለይሃ፣ እህቱ፣ ካዲሳባ መጥታ መስኮቱ ሥር ኮምፒውተሯን ከፍታለች፣ ሲ በሚሉት ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ታርማለች፣ እኔ ፊደል አልለይ፣ ግን አያለሁ፣ ደህና የሚሠራውን አውቃ ታቋርጠዋለች፣ ደግማ ታቋርጠዋለች፣ ምነው ልጄ፣ ምን በደለሽ፣ ሳቀች፣ አባ፣ ሲሳካማ ሁሉም ይፈትነዋል፣ እኔ የማየው ሲከሽፍ የሚወጣበትን በር ነው፣ ይሄ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ሜሞሪ ይዋሳል፣ ከማሽኑ ላይ ቦታ ማለት ነው፣ ሲጨርስ ይመልሳል፣ ኔትወርክ መሀል ላይ ከተቆረጠ ግን ስህተት ገጠመኝ ብሎ በጓሮ በር ሮጦ ይወጣል፣ የተዋሰው እንደተያዘ ይቀራል፣ ሌላም አይሠራበት፣ እሱም አይሠራበት፣ በሲ ደግሞ ከኋላ የሚሰበስብልህ የለም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማሽኑ ቦታ አጥቶ ቀጥ ይላል። ታዲያ ምን ታደርጊዋለሽ። በሚወጣበት በር ሁሉ፣ መልስ፣ ብዬ እጽፍበታለሁ፣ መጨረሻ የተዋሰውን መጀመሪያ።

መጨረሻ የተዋሰውን። ዓይኔ ወደ ጓዳው ሄደ።

እኔን ማለቷ አልነበረም፣ ስለ ሥራዋ ነው፣ ቆይታ ነው፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ ራዚያ የልጅ ልጇን ልትድር ነው መሰል፣ ድስት ስታፈላልግ አየኋት፣ ያለችኝ፣ ለካ የገዛ ድስቷ እኔ ጓዳ ተደፍቶ ሴትዮዋ ሰው ደጅ ትዞራለች፣ ወላሂ አፈርኩ፣ ተነሳሁ።

ደረስኩ እንዴ። ራዚያ እደጇ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አየችኝ፣ ድስቱን አየች፣ ቢላዋዋ ቆመ፣ አወረድኩት፣ ራዚያ፣ ቆየብሽ፣ አልኩ፣ በወዲያኛው ጆሮው ይዛ ሳበች፣ እኔ በወዲህኛው ይዤ ቀረሁ፣ ጣቴን ልቀቅ እለዋለሁ፣ አይለቅም፣ ሙንተሲርን ያን ለት እንዲህ ይዤው ቢሆን፣ እንዲህ፣ ሳበች፣ አልለቀቅኩም፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ሽንኩርቱ ይሁን እንጃ፣ ሳቀችም፣ ኸረ አያ ኢስሃቅ፣ እስቲ ልቀቀኝ፣ አጥበህ እንኳ አላመጣኸው፣ አብሽር፣ ልጅህ የመጣ ለት ድስቱን እኔው ተሸክሜ እመጣለሁ።