የትራይሎ ጧፍ

ፐርሲዳ ሆድ ታሻለች። በዚያ ጫካ ባለበት ሸለቆ ውስጥ እጇ ያላረፈበት ሆድ ካለ ገና ያልተወለደ ሰው ሆድ ነው። ጣቷ ሲነካው ይነግራታል፤ ይሄ ነፋት ነው፣ ይሄ ድርቀት ነው፣ ይሄ ከእንብርት በላይ የሚያቃጥለው ጨጓራ ነው። ቀኝ ጎድኑ ሥር ሲነኩት ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ደግሞ የሐሞት ጠጠር አለበት፣ እሱን ሐኪም ቤት ትሰደዋለች። እጄ ተሳስቶ አያውቅም ትላለች። ይህን ስትል ታዲያ የባሏን የትራይሎን ነገር ዘላ ነው፤ ማንም አያስታውሳትም፣ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላዋለች።

ትራይሎ የሞተው ዓምና በመከር ነው። ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ሰነበተ፤ እሷም ስታሸው፣ ጡብ እያሞቀች ስታስታቅፈው ሰነበተች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ድንገት ተወው። ፈገግ አለና፣ "እጅሽ ይባረክ። ወይን አምጪልኝ" አላት፣ ፍሬውን ማለቱ ነው። ዘለላውን ሳይጨርስ ላብ አጠመቀው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሞተ። አገሩ ሁሉ "እንዴት ያለ ሰላማዊ አሟሟት ነው" አለ። ፐርሲዳም አሜን አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

እነሆ የሙት ዓመቱ ደረሰ። በሙት ዓመት ለሟች ወንበር ይቀመጥለታል፣ ሳህኑ ይሞላለታል፣ በገበታው ራስ ክንድ የሚያህል ጧፍ ይበራለታል። ጧፉ ነዶ እስኪያልቅ ድረስ ከግቢው በር የሚወጣ የለም። ሟቹ መንገዱን የሚያየው በዚያ ብርሃን ነዋ! ካለጊዜው ከጠፋ ለዘላለም በጨለማ ይቀራል። በዚያ ሸለቆ ወንድም ወንድሙን በድንበር ገድሎ ያውቃል፤ የሰው ጧፍ ያጠፋ ግን አልተሰማም።

ነገሩ የጀመረው በዋዜማው ነው። የፐርሲዳ ምራት ሚሉንካ፣ ከተማ ያደገች ልጅ ናት፣ ስትጋግር ውላ ራባትና ለትራይሎ ከተለየው የአይብ ቂጣ ቆርሳ በላች። የሟች ምግብ ሳይባረክ አይቀመስም፤ ማን ይንገራት? አመሻሹ ላይ እንብርቷ ዙሪያ ቁርጠት ያዛት። ፐርሲዳ ዳሰሰቻትና "ነፋት ነው የኔ ልጅ፣ የበላሽው ባቄላ ነው" ብላ አሸቻት፤ ጡብም አሙቃ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት።

ጠዋት ሚሉንካ የቀመሰችውን ሁሉ አስመለሰች። ሕመሙም ከእንብርቷ ተነሥቶ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ሄዷል። ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ግቢውን ስታቋርጥ፣ ሳህን ስትደረድር የነበረችው የቦሲልካ እጅ ባለበት ቀረ። ቦሲልካ የትራይሎ ታላቅ እህት ናት፤ የሙታንን ወግ ከቄሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች፣ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምትለው።

"ፐርሲዳ፣ አካሄዷን አየሽው?"

"አየሁት።"

"የማን አካሄድ ነው?"

ትራይሎ በጎረምሳነቱ ግንድ ወድቆበት እስከ ዕለተ ሞቱ ቀኝ እግሩን ሲጎትት ኖሯል።

"ወንድሜ ከልጅነቱ ሳህኑን የሚነካበት አይወድም" አለች ቦሲልካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ገብቶባታል። ይሄው ውስጧ እየተራመደ ነው፤ ትናንት መሐል ላይ ነበር፣ ዛሬ ወደ ጥጉ ሄደ።"

"አክስቴ፣ አንቺ ቪየና ብትኖሪ ሐኪሞቹ የሚያስተኙት አንቺን ነበር" አለ ዶብሪቮዬ፣ የፐርሲዳ ልጅ። ቪየና ግንብ ሠሪ ነው፤ ለአባቱ ሙት ዓመት በመኪናው መጥቷል። ይቀልዳል እንጂ እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው። ጧፉ ሲበራ ሚስቱን ሚሉንካን ግንባሯን ዳሰሰና፣ "ትኩሳት አለሽ። ይሄ እስኪያልቅ ብቻ ቻይው፣ ከዚያ ከተማ እወስድሻለሁ" አላት።

እኩለ ቀን ላይ ጉም ወረደ። መስኮቱ ነጭ ሆነ፤ አጥሩም፣ በሩም፣ መንገዱም ጠፉ። እንግዶቹ እያወሩ ቢበሉም ማንም ባዶውን ወንበር ቀና ብሎ አላየም። በትራይሎ ሳህን ላይ ሥጋው፣ ቂጣው፣ ከላይም ቦሲልካ ያስቀመጠችው የወይን ዘለላ አለ፤ የጀመረውን ይጨርስ ብላ ነው። ፐርሲዳ በጓዳ ምራቷ አጠገብ ተቀምጣ ታሻታለች። ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር ልጅቷ ትጮሃለች፤ ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር የፐርሲዳን እጅ መልሶ የሚገፋ ይመስላል። ዕድሜ ልኳን ሆድ ስታሽ ፐርሲዳ እጇን የፈራችው ያን ቀን ነው።

"ትራይሎ" አለች በሹክሹክታ፣ "ልጅ ናት፣ አላወቀችም። ተዋት።"

ሚሉንካ ጸጥ አለች። የጨበጠችውን አንሶላ ለቀቀች፣ ፊቷ ተፈታ፣ ፈገግም አለች።

"ተወኝ እማማ። እጅሽ ይባረክ። ወይን አምጪልኝ።"

ትራይሎ ሲሞት ሚሉንካ ገና አላገባችም ነበር፣ ቤቱንም አታውቀውም። እነዚያን ቃላት ከፐርሲዳ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ቦሲልካ አማተበችና ወደ ገበታው ዞራ፣ "ወጣ፣ ተመስገን፣ ወንድሜ ወጣላት" አለች። አረቄ ተቀዳ፣ ዶብሪቮዬን እያቀፉ እንኳን ደስ አለህ አሉት። ፐርሲዳ ብቻ አልተነሣችም። እጇ አሁንም እዚያው ነው፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። የልጅቷ ግንባር ላይም ላብ መውጣት ጀምሯል።

ይህን ሆድ ታውቀዋለች። ይህን ፈገግታም ታውቀዋለች። ሕመሙ መሻሉ አልነበረም፤ ውስጥ ውስጡን የፈነዳ ነገር ነው። ትራይሎ ሊጎዳ መጣም፣ ሊያስጠነቅቅ መጣም፣ ጨርሶ አልመጣም፣ ለእሷ ያው ነው፤ የምታውቀውን ታውቃለች።

"ዶብሪቮዬ፣ መኪናህን አስነሣ።"

"እማ፣ ተሽሏታል እኮ።"

"አባትህም ተሽሎት ነበር።"

ቦሲልካ ሄዳ በሩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። "ጧፉ ገና ግማሽ ነው። ማንም አይወጣም። ወንድሜን በጨለማ አታስቀሪብኝም።" ዶብሪቮዬ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ጧፉን ያያል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በለቅሶ ሊፈነዳ ደርሷል።

ፐርሲዳ ወደ ገበታው ራስ ሄደች። ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት አየችው። ጎንበስ አለችና ጧፉን እፍ አለችው። ጭሱ ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ወደ ወንበሩ ታጠፈ፣ መደገፊያውን ተጠመጠመና ጠፋ። "አሁን ጧፍ የለም" አለች፣ "በሩን ልቀቂ።" ቦሲልካ እንደምትታረድ ፍየል ጮኸች፣ ከበሩ ግን ተነሣች።

የከተማው ሐኪም ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር፣ እስኪመሽ ብትቆዩ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ አለ። "ይህን ሆድ ያሸው ማነው?" ፐርሲዳ ሁለት እጆቿን አሳየችው። እንዲህ ያለ ሆድ አይታሽም፣ ጡብም አይቀርበውም፣ ሕመሙ ድንገት ሲተው ነው ይበልጥ ወደ ሐኪም የሚሮጠው አላት። እሺ አለች። ሌላውን ጥፋቷን፣ የጧፉን፣ ለሱ አልነገረችውም።

ሚሉንካ እህል መቅመስ ስትጀምር ዶብሪቮዬ እናቱን ቤት አድርሷት ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለሰ። ገበታውን ማንም አልነካውም፤ ማን ደፍሮ! ጥግ ጥጉ መጨለም ጀምሯል። ፐርሲዳ መብራት ልታበራ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ወንበር ስባ ከትራይሎ ወንበር ትይዩ ተቀመጠች።

"ልጅቷ ተርፋለች" አለችው። "አንተን በጨለማ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። እኔም አላበራም፤ አንድ ላይ እንቀመጥ።"

ጨለማው ሞልቶ ሳህኑን ዋጠው። ከወዲያ በኩል፣ ከዘለላው አንዲት ፍሬ ስትቀነጠስ ሰማች።

"ቀስ ብለህ ብላ" አለችው ፐርሲዳ።